የዝምታ ጨዋታ ዳኛ

እግዚአብሔር ለየመንደሩ አንዳንድ የልጆች ጨዋታ ዳኛ ሳይመድብ አልቀረም፤ እንዲህ ያለውን ሹመት ሰው አይሰጠውም፣ ሰውም አይሽረውም። በወረታ ሹሙ አያ ደሳለው ነበሩ። ከጎረቤታቸው ከካሳነሽ ደጃፍ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተሰይመው ከዘራቸውን ሲተክሉ፣ ችሎቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅ መስመሩን በጣቷ ጫፍ ብትነካ፣ "ረገጥሽ! ውጪ!" ይላሉ። ኩኩሉ ሲጫወቱ ሳይነጋ ዓይኑን የገለጠ እስከ ማግሥቱ ይታገዳል። የገዛ ልጅ ልጃቸውን ሦስት ቀን አግደው፣ እናቲቱ ብታማልድ "ሕግ ነው" ብለው መልሰዋታል።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን የዝምታውን ጨዋታ ነው። ልጆቹን አሰልፈው ያቆማሉ፤ መሳቅ፣ ማልቀስ፣ ዓይን ማዞር ክልክል ነው። ከዚያ እኒያ የተከበሩ ሽማግሌ እንደ ፍየል ይጮኻሉ። "ኧረ ያችን ወፍ!" ይላሉ። ያየ ይወጣል።

ካሳነሽ ይህን ስታይ ትበግናለች።

"አያ ደሳለው፣ ልጄን ይልቀቋት፣ ውኃ ትቅዳ! ምን ሊያስተምሯት ነው?"

"መቆም።"

"መቆምማ በሬውም ያውቃል!"

እርሷ በዘጠኝ ዓመቷ ተድራ፣ የተጫወተችው ጨዋታ ትዝ አይላትም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ። ካሳነሽ ታላቁን ልጇን፣ ማረውን፣ ጎታ ውስጥ ደበቀችው። አንድ ታጣቂ ገብቶ ከስድስት ዓመቷ ልጇ ከአማከለች ፊት ቁጢጥ አለ፤ ከረሜላም አወጣ።

"እታለም፣ ወንድምሽን አሳዪኝና እንቺ።"

አማከለች ምራቋን ዋጠች። ከረሜላውን አየች፤ ታጣቂውን አየች፤ ወደ ጎታው ግን አልዞረችም።

"አላውቅም።"

"አንቺስ?" አለ፣ ወደ እናቲቱ ቀና ብሎ።

"ገበያ ወጥቷል" አለች ካሳነሽ። ዓይኗ ግን አመለጣት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ጎታው።

ማረውን ከነገለባው አውጥተው ወሰዱት።

ካሳነሽ ሳምንት ሙሉ ደጅ አልወጣችም። በስምንተኛው ቀን ልጆቹ ተሰልፈው ሳሉ መጥታ ከአማከለች ጎን ቆመች።

"እኔንም ያቁሙኝ፣ አያ ደሳለው። ከማረው ቀጥሎ ያለውም ልጄ ለአፈሳ እየደረሰ ነው።"

ሽማግሌው እንደ ፍየል አልጮኹም። ተመለከቷት ብቻ። እንባዋ ወረደ።

"አለቀሰች! ውጪ! ውጪ!" ብለው ልጆቹ ተንጫጩ።

አያ ደሳለው ፊታቸውን ወደ ጎንደር መንገድ አዞሩ።

"እኔ አላየሁም" አሉ።