አቶ አምሐ ጉማሬንና ሻላን ሲያነጻጽሩ

ሁለት ነገር ካላነጻጸረ ሻይ የማይወርድለት ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለባሕር ዳር የደረሷት ሊቀ አነጻጻሪያን አቶ አምሐ ናቸው፤ በደመወዝ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ በፈቃዳቸው የፍጥረት ሁሉ ዳኛ።

"በመሠረቱ ይለያያሉ" ካሉ ሻይህ ይቀዘቅዛል፣ ጺምህ ይበቅላል። አንድ ቀን ወደ ሰባታሚት አብረን ስንሄድ በቅሎንና ብስክሌትን ጀመሩልኝ፤ ደርሰን ተመለስን፣ በቅሎዋ ገና ኮርቻዋ አልተጫነም። ከዚያ ወዲህ ስሸሻቸው ኖርሁ።

ታዲያ አንድ ክረምት ጉማሬ ማታ ማታ ከጣና እየወጣ የወይዘሮ ውዴን ጎመን ይጨርስ ጀመር። ጎመኑ የልጆቻቸው ጉርሻ ነው። ቀበሌው ተሰበሰበና ሊቀመንበሩ፣ "ሚሊሻው ዛሬ አድፍጦ ይግደለው" አሉ። እጅ ሊወጣ ሲል አቶ አምሐ ተነሥተው መፈክሩን በሙሉ አሰሙ። በዚያ በአብዮቱ ዘመን በመፈክር የጀመረን ሰው ማን ያቋርጣል?

"ጓዶች፣ መጀመሪያ ጉማሬንና ሻላን እናነጻጽር። በመሠረቱ ይለያያሉ። ሻላ ወፍ ነው፣ እንቁላል ይጥላል። ጉማሬ አጥቢ ነው፣ የአሳማ ዘመድ።"

"ቢሆን ነው እንጂ፣ አበላሉ ይመሰክራል" አሉ ወይዘሮ ውዴ።

"እመጣለሁ እሜቴ። ሻላ ዛሬም ሐይቁን እንደ ደመና ይሸፍነዋል፤ መጥፋቱ አያሰጋም። ጉማሬ ግን እየተመናመነ ነው። እናቲቱ አንድ ወልዳ ሌላ እስክትደግም ስንት ክረምት ያልፋል! ደግሞ እግሩ አጭር ነው፤ ጥልቅ ቦይ አይሻገርም።"

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አዩ። ጠመንጃ ያለው ያ አንድ ሚሊሻ ብቻ ነው፤ እሱም ከዚያ በፊት ካልተወሰነ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ መጋዘን ጥበቃ ተራው ይሄዳል። ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል። ያን ጊዜ የማይታመን ነገር ሆነ፤ አቶ አምሐ የሚሉት አለቀባቸው። ሚሊሻውን ሰረቅ አድርገው አዩት።

"እንግዲህ እጅ እናውጣ" አሉ ሊቀመንበሩ።

ያወጣሁት እኔ ነኝ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ የሻላው የመንቆር ከረጢት አልተብራራልንም። ከጉማሬው አፍ ጋር ቢነጻጸርልን?"

የአቶ አምሐ ፊት እንደ መስከረም ሰማይ በራ። ከረጢቱ ስንት ዓሣ እንደሚችል ገና ሲያስረዱ ሚሊሻው ጠመንጃውን አንግቦ ወደ ተራው ወጣ።

ሊቀመንበሩ በረጅሙ ተነፈሱ። "በሉ፣ ጉማሬው ዛሬም ጎመኑን እንዳይጨርስ አካፋ አምጡና ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ እንቆፍር።"

ሳይጨልም ተቆፍሮ አለቀ። ወይዘሮ ውዴ እንደሚሉት ጉማሬው ከዚያ ወዲያ ቦዩ ዳር ቆሞ ጎመኑን በዓይኑ ብቻ ነው የሚጎርሰው።

በቁፋሮው ከአቶ አምሐ ጎን የቆምሁት ወድጄ ነው። የሻላውን ከረጢት በቃል እየሞሉ እያፈሰሱ አካፋ ማንሣቱንም ረሱት፤ የእሳቸውንም ድርሻ ቆፈርሁላቸው።