ፊት ለፊት ያለው ወንበር

ፎቶ አንሺ ዘመድ ያለው ሰው ደስታውም ሐዘኑም የግሉ አይደለም። ሊጎርስ አፉን ሲከፍት «ቆይ፣ እንደዚያው ሁን» ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ከየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም፤ ለእኛ ቤት የደረሰን ታናሽ ወንድሜ፣ ክቡር ዳይሬክተሩ ነው።

ክቡርነታቸው ድሮ ሠርግ ያነሡ ነበር። ወንበር ላይ ይወጣሉ፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ፣ ሙሽራውን ከሙሽራይቱ ነጥቀው ወደ ብርሃን ይጎትታሉ። «አንዲት ብቻ፣ የመጨረሻዋ» ይላሉ። የመጨረሻዋ ግን ትወልዳለች፤ ልጇም ትወልዳለች።

ከዚያ ኩላሊቱ እምቢ አለ። በየሁለት ቀኑ እጥበት ሆነ። ግራ ክንዱ ከማሽኑ ጋር ይታሰራል፤ ከወንበሩ ንቅንቅ የለም። ካሜራውን ይሸጠዋል ብለው ሁሉም አዘኑ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ አደረግሁ።

ሆስፒታሉ እጥበት ክፍል ድረስ ይዞት መጣ።

«አንተ፣ ሕመምተኛ ነህ ወይስ ጋዜጠኛ?» አለችው ሲስተር።

«መርፌው እስኪገባ ሕመምተኛ ነኝ። ከዚያ በኋላ ዳይሬክተር።»

የፈቀደውን ሰው ብቻ እንዲያነሣ ተስማሙ። ደግሞስ በአንድ እጁ፣ ፊት ለፊቱ ካለው ወንበር በቀር ምን ሊያነሣ? መሮጥ የለ፣ መዞር የለ። ወንድሜ ሰው ማየት የጀመረው ያኔ ነው። በሠርጉ ሁሉ ስንት ፊት አንሥቶ አንዱንም አያስታውስም ነበር፤ አሁን ግን «እትዬ፣ ጥልፍ ሠሪዋን አየሻት? እንቅልፍ ሲወስዳት ጣቶቿ ይሰፋሉ» ይለኛል፣ ዓይኑ እየበራ። ፎቶውን ትቶ ፊልም መቅረጽ ጀመረ፤ ፊልሙም ይኸው ሆነ፤ አንዲት ወንበር፣ እየተፈራረቁ የሚቀመጡባት ሰዎች። እኔ ስለ ኩላሊቱ እጸልያለሁ፤ ስለ ዓይኑ ደግሞ አመሰግናለሁ።

ክፍሉ አበደ። ያቺ ወንበር ዙፋን ሆነች። ጥልፍ ሠሪዋ በሻሽ ላይ ሻሽ ትቀያይራለች። ጡረተኛው አስተማሪ ንግግር አጥንቶ ይመጣል። ተዋናይ አይቀርም፣ አያመልጥም፤ ሁሉም ታስሯል። የትኛው ዳይሬክተር ይህን አግኝቶ ያውቃል?

አንድ ቀን በወንበሯ የተቀመጡት ጋሼ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና የጨረሱ ሾፌር። ካሜራው እየቀረጸ «በቃኝ ልጄ» አሉ። «ይሄ ማሽን ሰለቸኝ። ከዛሬ ወዲያ አልመጣም፤ የመጣው ይምጣ።»

ሲስተር ለመነቻቸው፤ አልሰሟትም። ካልመጡ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን።

ወንድሜ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። «መብትዎ ነው ጋሼ። ፊልሜን ግን ገደል ከተቱት።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«የያዝኩት ጢምዎ አድጎ ሲነጫነጩ ነው። ልጆችዎ የሚያዩዎት እንዲህ ሆነው ነው።»

ጋሼ አገጫቸውን ዳሰሱ። «ይሄን ፊት ልታሳይ? ታብዳለህ እንዴ?»

«ሌላ የለኝማ።»

በሚቀጥለው ተራ ጋሼ ተላጭተው፣ ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ከሁሉም ቀድመው ተገኙ። መርፌው እንደገባ «በል አንሣና እንለያይ» አሉ።

ክቡር ዳይሬክተሩ በካሜራቸው አዩ፣ አስተካከሉ፣ እንደገና አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኧረ ጋሼ፣ ብርሃኑ ተበላሸ። ዛሬ አይሆንም። ሐሙስ ይምጡ።»

«በጠዋት ምን ብርሃን ነው የሚበላሸው?»

«ደመና ነው።»

ጋሼ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተዋል። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ አያለሁ፤ ሰማዩ ላይ የጥጥ ብናኝ የምታህል ደመና የለችም። ውሸት አልወድም፤ ወንድሜንም በዚህ ስንት ጊዜ ገሥጬዋለሁ። ጋሼ አንገታቸውን ማዞር ሲጀምሩ ግን ብድግ ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁት።

«ነፋስ ገባ» አልኩ።

ጋሼ እኔንም ወንድሜንም ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ኮታቸውን ጎተት አደረጉ።

«እሺ፣ ሐሙስ። ክራቫት ልሰር ወይስ ይቅር?»