የበዓል ኮሚቴው ብርቱካን

እስቲ ንገረኝ አንባቢ፤ ለተራበ ሕዝብ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? እህል ካልክ ንቃትህ ገና ነው። ሥዕል ነው፤ ያውም የፍራፍሬና የአበባ ሥዕል።

ይህን ታላቅ እውነት በሰባ ስድስት ዓ.ም. ክረምት ያገኙት፣ ከላሊበላ ብዙም በማትርቅ አንዲት የላስታ ከተማ የአሥረኛው አብዮት በዓል ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ጓድ ፈንታው ናቸው። ከበላይ አካል የሚላኩት እንግዳ የእርዳታ ስንዴ የጫኑ መኪናዎችን አስከትለው እንደሚመጡ በሰሙ ጊዜ ደስ አላቸው። የገዛ እናታቸው እንኳ ስልቻ ይዘው ለስንዴው ከተሰለፈው ሕዝብ ጋር እየጠበቁ ነበር። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳቸው፦ የአዳራሹ ግድግዳ ባዶ ነው። ባዶ ግድግዳ ደግሞ፣ እሳቸው እንደ ተረዱት፣ ለእንግዳ ዓይን ከባዶ ሆድ የከፋ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊውን አለቃ ወልደ ኪዳንን አስጠሩ።

«ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ወይን፣ ዳር ዳሩን ደግሞ አበባ ይሣሉልን።»

አለቃ ጥቂት አሰቡ። «ጻድቃን ናቸው ኃጥአን?»

«እነማን?»

«ብርቱካኖቹ። ጻድቅ ከሆነ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ነው የምሥለው። ኃጥእ ከሆነ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ሌላ አሣሣል አልተማርኩም።»

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰፊና ጥልቅ ውይይት ካካሄደ በኋላ ብርቱካንና ሙዝ ከጭቁኑ ሕዝብ ጎን መሰለፋቸውን አረጋግጦ፣ ሁለት ሁለት ዓይን እንዲሰጣቸው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ወይን ከአሮጌው ሥርዓት ጋር በነበረው ንክኪ ተጠርጥሮ በአንድ ዓይን ቀረ። «ፍራፍሬ ዓይን አለው እንዴ?» ያለ አባል ሂሱን ዋጠ።

እንግዳው መጡ፤ ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ብርቱካኖቹም አፈጠጡባቸው።

«ይህ ሁሉ እዚሁ የበቀለ ነው?»

ጓድ ፈንታው ደጅ ያለውን ሰልፍ አሰቡ። እናታቸውን አሰቡ። ከዚያ የእንግዳውን ፈገግታ አዩ።

«እዚሁ ነው ጓድ። በሰፊው ሕዝብ ክንድ።»

«ዓይናቸውስ?»

«አብዮታዊ ንቃት ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እንግዳው ልባቸው ተነክቶ ንግግር አደረጉ፦ ፍራፍሬው ሳይቀር ነቅቶ ዘብ የቆመበትን ሕዝብ ተረጂ ማለት ትግሉን መሳደብ ነው። እናም ትግሉ እንዳይሰደብ፣ መኪናዎቹ ስንዴውን እንደ ጫኑ ፊታቸውን አዙረው በመጡበት በፍላቂት መንገድ ተመልሰው ወጡ። ጓድ ፈንታውም በአርአያነታቸው ተመሰገኑ።

ምስጋናቸውን ተቀብለው፣ የበዓሉን ድምፅ ማጉያ እንደ ያዙ ሲወጡ ሰልፉ አልተበተነም። እናታቸው እታገኘሁ ባዶ ስልቻቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከፊት ቆመዋል።

«ፈንታው፣ መኪናው ለምን ተመለሰ?»

«እማ፣ አሁን ቤት ግቢ» አሉ ጓድ ፈንታው በሹክሹክታ። «ማታ አስረዳሻለሁ።»

«ለኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ይረባኛል? እነዚህም ልጆች አሏቸው። ያን ድምፅ ማጉያህን አንሣና እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ ተናገር፤ ስንዴውን ማን መለሰው?»