ለወጥ የገዛሁት የወይራ ዘይት

ዘይት መግዛት ቀላል ይመስላችኋል አይደል? ለእኔም ይመስለኝ ነበር። ባዶ ጠርሙስ ይዞ ሱቅ ብቅ ማለት፣ አስሞልቶ መመለስ። በቃ! ዘይት ዘይት ነው። እንዲህ እያልኩ በሰላም ስኖር ሐኪም መጣብኝ።

ባለቤቴ ጸዳለ ጎፋ መንገድ ዳር ታክሲ ስትጠብቅ አዞራትና ቁጭ አለች። ሰዎች ደግፈው ቤት አደረሷት። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው ደሟን አስመረመረ፣ ግፊቷን ለካ፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። ሐኪም መነጽሩን ሲያወልቅ እኔ እፈራለሁ።

«እመቤት፣ ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል። ቅቤ ይተዉ» አላት።

ጸዳለን ቅቤ ተዪ! እሷ ቅቤ ስታነጥር እኮ መንደሩ ሁሉ ሰበብ ፈልጎ ነው የሚመጣው። አንዱ ክብሪት ሊዋስ፣ አንዷ ሰዓት ልትጠይቅ። «ታዲያ ወጡን በምን ልሥራው?» ብትለው፣ «በወይራ ዘይት» አለና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። የት እንደሚገኝ የለ፣ የቱ ጥሩ እንደሆነ የለ፣ በመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ይቻል እንደሆነ የለ። ማዘዝ ምን ይከብዳል?

ጸዳለ ቤት ስንገባ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ፣ «ልጆቼን ለወግ ሳላበቃ ልሞት ነው እንዴ?» አለችኝ። «ሂጂ እባክሽ፣ በቅቤ የሞተ ሰው አለ?» ብዬ ሣቅሁ። ሣቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር። የዚያን ለታ ነው ይህን ዘይት ከመሬት ቆፍሬም ቢሆን አመጣዋለሁ ያልኩት።

ነገሩን መጀመሪያ የሰሙት አዴ ጫልቱ ናቸው። አዴ ጫልቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከላፍቶ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው የሚያመጡልን ደንበኛችን ናቸው። ቅቤ መተዋችንን ስነግራቸው ሰው የሞተብን ያህል ደነገጡ።

«ታዲያ ምን ልትበሉ ነው?»

«የወይራ ዘይት ነው የታዘዘልን።»

«ወይራ?» አሉ። «ወይራማ ደጄ ላይ ቆሟል። የወተት ዕቃዬን የማጥነው በምን ሆነና! ዘይት ቢኖረው ኖሮ ፍሬውን የሚለቅሙት ወፎች ወፍረው መብረር ያቅታቸው ነበር።»

የፈረንጅ ወይራ ሌላ ነው፣ ፍሬው ትልልቅ ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «ወይራውንም ፈረንጅ ወሰደው በለኛ!» አሉና ቅቤያቸውን አንሥተው፣ ከነኩርፊያቸው ሄዱ።

ከዚያ ፋርማሲ ሄድኩ። አዎ፣ ፋርማሲ! ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር የወይራ ዘይት የሚገኘው ከሳል ሽሮፕ አጠገብ ነበር። ልጅቷ ጣት የምታክል ጠርሙስ አወጣችልኝና «ለጆሮ ነው ለፀጉር?» አለችኝ። «ለወጥ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አብሮኝ የመጣ አስታማሚ እንዳለም በዓይኗ ፈለገች። በፋርማሲ ዋጋ አንድ ድስት ሽንኩርት ለማቁላላት ቤቴን መሸጥ ነበረብኝ። የቀበሌ ቤት ደግሞ አይሸጥም።

የሰፈራችን ባለ ሱቅ ግን አላሳፈረኝም። ሰማይ የሰጠው ይመስል የወይራ ቅርንጫፍ የተሳለበት ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደልኝ። ዋጋው ደህና። እየበረርኩ ቤት ገባሁ። ምን ዋጋ አለው? ጌታቸው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ጌታቸው የጸዳለ ወንድም ነው። ለጥቂት ወራት አንድ ጣሊያን ኮንትራክተር ዘንድ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ጣሊያን የነካውን ነገር ሁሉ እሱ ያውቃል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣው፣ አሸተተው፣ ፈገግ አለ። «ይሄ የሱፍ ዘይት ነው። ወይራው ያለው ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው» አለ። አላመንኩም። «እሺ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው። ከረጋ የወይራ ነው፤ ካልረጋ ተበልተሃል» አለኝ።

ፍሪጅ ከየት ይመጣል? በግቢያችን ፍሪጅ ያላቸው እትዬ በላይነሽ ብቻ ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ያለ ከዘራ የማይንቀሳቀሱ ጎረቤታችን ናቸው። ጠርሙሱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸውና «እትዬ፣ አደራ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» አልኩ። ምን ነበረበት አደራ ባልል!

ልወስደው ስሄድ ዘይቱ አልረጋም። እሱስ ይሁን። ግማሹ ግን የለም! እትዬ በላይነሽ ያለ ከዘራ ከጓዳ ወጡና አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «ጉልበቴን ብቀባው ፈታልኝ! ከየትኛው ገዳም ነው ያመጣኸው?» አሉ። «እትዬ፣ ከሱቅ ነው የገዛሁት። እንዲያውም የሱፍ ዘይት ነው» ብል ማን ይስማኝ? «እሱ እኮ ድሮም ውዳሴ ከንቱ አይወድም» ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩልኝ።

በሳምንቱ ጌታቸው ፒያሳ ወደሚያውቀው የፈረንጅ ዕቃ መደብር ወሰደኝ። መደርደሪያው ሙሉ ቆርቆሮና ጠርሙስ። ቢጫ አለ፣ አረንጓዴ አለ። አንዱ ላይ ቨርጂን ይላል፣ ሌላው ላይ ኤክስትራ ቨርጂን። «ቨርጂን ማለት ድንግል ነው» አለኝ ጌታቸው። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ አንዲት እናት ዞር ብለው አዩን። «ምንም ያልተጻፈበትስ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እሱ በሙቀትና በመድኃኒት የተጣራ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጣዕም የለውም» አለ። የመስታወቱን ተው፣ ብርሃን ያበላሸዋል፣ ቆርቆሮ ውሰድ አለ። ባለ መደብሩ በማንኪያ አቀመሰኝ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝና ሳልኩ። ሁለቱም ደስ አላቸው! «ካሳለህ ጥሩ ነው!» አሉኝ። ሰው ለሚያስለው ነገር ይከፍላል? ኤክስትራውን ባየው ዋጋው ራሱ የሚያስል ነው። ድንግሉን ቆርቆሮ ያዝኩ። ስንት እንደተገዛ ጸዳለም አታውቅም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

ጸዳለ መጀመሪያ ቁሌት ላይ ሞከረችው። ቀመሰች፣ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ሣር ሣር ይላል» አለችና ፊቷን አዞረች። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። በማግስቱ ግን ቲማቲም በቃሪያ ከትፋ፣ ሳታበስል ዘይቱን ጠብ አድርጋ ፍትፍት አቀረበች። እመኑኝ፣ ጣት ያስቆረጥማል! ልጆቹ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉት። «እንግዲህ ለጥሬ ነው የተፈጠረው፤ ለወጡ ኑጋችን ምን አለው?» አለች ጸዳለ። እኔ ያንን ሁሉ መንከራተት ተንከራትቼ፣ እሷ በአንድ ሳህን ፍትፍት ጨረሰችው።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። የእትዬ በላይነሽ ጉልበት ወሬ ደርሶ ነበራ! አንዷ ሲኒ ይዛ ለአራስ ልጇ ገላ። አንዱ ለጆሮው። አንዷ ለሚነቃቀል ፀጉሯ። እትዬ በላይነሽ ራሳቸው ለሁለተኛው ጉልበት። ጸዳለ ለሁሉም ትቀዳለች። ተይ ብዬ በዓይኔ ብጠቅሳት አፈጠጠችብኝ። ያ ዋጋው የማይነገረው ቆርቆሮ እንደ ሰንበቴ ጠላ ተጠጥቶ አለቀ። ይባስ ብሎ እትዬ በላይነሽ ተመልሰው መጡና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ይሄኛው እንኳ እንደ መጀመሪያው አይደለም።»

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ጸዳለ ሳቀች። ሐኪሙ መነጽሩን ካወለቀባት ቀን ጀምሮ አልሳቀችም ነበር። ጎኗን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አፌን ዘጋሁ።

ደመወዝ ስቀበል ወደ ፒያሳው መደብር ተመለስኩ፤ ያለ ጌታቸው። አንዲት ልጅ እግር ሴት መደርደሪያው ፊት ግራ ተጋብታ ቆማለች። እኔ ሳላመነታ ቆርቆሮዬን ሳነሣ አየችኝ።

«ጋሼ፣ የሚያውቁ ይመስላሉ። ጥሩ የወይራ ዘይት የቱ ነው?»

ጊዜው ደረሰ። ደረቴን ነፋሁ። «እኅቴ፣ ስለ ቀለሙ አትጨነቂ፣ ስለ ጽሑፉም አትጨነቂ። ጥሩ የወይራ ዘይት ማለት ጎረቤት ያላየው ነው» አልኳት።

ከልቧ ሳቀች። «እውነትዎን ነው! ሰፈርዎ የት ቢሆን ነው እንዲህ ያማረረዎ?»

«ጎፋ» አልኳት።

«ውይ! እኔም እኮ ባለፈው ሳምንት ነው ጎፋ የገባሁት!» አለች፣ ዓይኗን ከቆርቆሮዬ ሳትነቅል። «የእናንተ በር የትኛው ነው?»