ሰኞ ሰኞ አንድ ቁጥር

«እንዴት ነህ?» ሲሉን ምን እንደምንመልስ ታውቃላችሁ። ቤታችን ፈርሶ፣ እንቅልፍ ካየን ወር አልፎን እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህን ከእናቴ ቤት ጀምሮ ባውቀውም፣ ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ለሁለተኛ ዲግሪ የምመረቅበትን ጥናት ስነድፍ እርግፍ አድርጌ ረሳሁት። መማር አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።

ጥናቱ ቀላል ነበር። ጅጋ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች ሰኞ ሰኞ ጠዋት በተቀዳ ድምፄ ይደወልላቸዋል፤ «በዚህ ሳምንት ስሜትዎ እንዴት ነው? በጣም ደህና ከሆኑ አንድን፣ በጣም ከከፋዎት አምስትን ይጫኑ» ይላል። የተጫኑት ቁጥር ኮምፒውተሬ ውስጥ ይገባል። ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ከሁሉም አንድ! ማዳበሪያ ጠፋ፣ አንድ። በረዶ ማሳውን መታው፣ አንድ። አማካሪዬ «ገበሬዎችህ ሁሉ ደስተኞች ናቸው፤ ምናቸውን ልታጠና ነው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

አንድ ሰኞ፣ ከገበሬዎቼ አንዷ ከሆኑት ከእታለም ጥሩነሽ ስልክ አምስት መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው ስለከፋው ደስ አለኝ። በማግስቱ በሚኒባስ ጅጋ ወርጄ፣ ጭቃውን በእግሬ እየጎተትኩ ቤታቸው ስደርስ ደጃፉ ላይ የለቀስተኛ ድንኳን ተተክሏል። እታለም ጥሩነሽ የተቀበሩት ቅዳሜ ነበር።

ባለቤታቸው አያ ታከለ ኩታቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ ስልኩ እጃቸው ላይ ነው።

«ሁልጊዜም የምጫነው እኔ ነኝ» አሉኝ። «እሷ ስልክ መች ታውቅና?»

«እሳቸው ታመው አልነበረም እንዴ? ታዲያ እርስዎ ለምን አንድ ይጫኑ ነበር?»

«አዬ ልጄ! ከሩቅ ሆኖ ለሚጠይቅ ሰው ክፉ ይነገራል? ልጃችን ከሞተ ወዲህ እህል አላሻትም፤ ስታለቅስ ነው የከረመች። ቢሆንም ነበረች። አሁን ግን አንድ ማለት አቃተኝ።»

እታለም ጥሩነሽ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያለቅሱ እኔ ዘንድ «በጣም ደህና» ተብለው ተጽፈዋል። አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየኋቸውም። ስልክ ቁጥሬን ትቼ በሀፍረት ተመለስኩ።

አማካሪዬ፣ መልሱ የሴትየዋ ስላልሆነ ስልካቸውን ከዝርዝሩ አውጣው አለኝ። ሕጉም እንደዚያ ነው። አወጣሁት።

በሚቀጥለው ሰኞ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ዛሬ ሳትጠይቁኝ ቀራችሁ?» አሉ አያ ታከለ።

«እንዴት ሰነበቱ፣ አያ?»



«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ።

አምስት መሆኑን ከድምፃቸው ሰማሁ፤ የምጽፍበትን መስመር ግን በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ።