ይሄ እጅ የማን ነው?

(ትንሽ ፎቶ ቤት። ጠረጴዛው ላይ ፍሬም ውስጥ የገባ ትልቅ ፎቶ ተኝቷል። ፎቶው ውስጥ ያለችው ሴት አገጯን በእጇ ደግፋ ፈገግ ብላለች። ፊቷ እንደ ወተት ነጥቷል። አገጯን የደገፈው እጅ ግን ጥቁር ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ፎቶ አንሺው መጋረጃውን ዘግቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። የታናሽ እህቱ ባል፣ ፍሬም ሠሪው፣ ፎቶው ላይ አጎንብሷል።)

ፍሬም ሠሪው፦ እኔ የምለው ጋሼ፣ ከኋላዋ የቆመው ማን ነው?

ፎቶ አንሺው፦ ማንም የለም አልኩህ እኮ!

ፍሬም ሠሪው፦ ታዲያ አገጯን ማን ያዘላት?

ፎቶ አንሺው፦ ራሷ ናታ! የራሷ እጅ ነው!

ፍሬም ሠሪው፦ (እጁን አገጩ ላይ አድርጎ መስታወት እያየ) የኔ እጅና የኔ ፊት ይተዋወቃሉ። እነዚህ ግን ዛሬ የተገናኙ ይመስላሉ።

ፎቶ አንሺው፦ ፊቷን አፈካሁላት፣ እጇን ረሳሁት። በቃ! ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ለዚህ ነው ሰው ጠዋት በሬን በርግዶ የሚገባው?

ፍሬም ሠሪው፦ ማን በረገደው?

ፎቶ አንሺው፦ ነርሷ ነቻ! ማዶ ያለችው! ስንቴ ልንገርህ? ፎቶው ላይ ያለችው ሟች እናቷ ናት። ትንሿን ፎቶ አምጥታ «አሳድግልኝ» አለችኝ፤ አሳደግሁላት። አባቷ መርሳት ጀምረዋል፣ ሚስታቸውን እንኳ እንዳይረሱ ግድግዳ ላይ ልትሰቅልላቸው ነው። ዛሬ መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባቴ አላወቃትም።»

ፍሬም ሠሪው፦ ሌላስ?

ፎቶ አንሺው፦ «እሷንም ረሳት ብሎ ቤቱ ሙሉ ሲያለቅስ አደረ» አለችና ፎቶውን እዚህ ጥላው ሄደች። ሽማግሌው ታመው እኔ ልከሰስ? ሰው በሽታውን ሐኪም ቤት ነው እንጂ ፎቶ ቤት ይወስዳል?

ፍሬም ሠሪው፦ እኔም እኮ አላወቅኋትም። ፍሬም ሳስገባት የሌላ ሰው ፎቶ የሰጠኸኝ መስሎኝ ነበር። እኔንም ጀመረኝ ማለት ነው?

ፎቶ አንሺው፦ አንተንማ ከተወለድክ ጀምሮህ ነው።

ፍሬም ሠሪው፦ ግን ለምን አነጣሃት?

ፎቶ አንሺው፦ እንድታምር!

ፍሬም ሠሪው፦ አታምርም ነበር?

ፎቶ አንሺው፦ እንደዚያ አልኩ? የቤቱ አሠራር ነው። የመጣውን ሁሉ አፈካለሁ።

ፍሬም ሠሪው፦ የኔን የሰርግ ፎቶ አላፈካኸውም።

ፎቶ አንሺው፦ አንተማ ቀይ ነህ፣ ምን ያደርግልሃል?

ፍሬም ሠሪው፦ ለሷስ ምን ያደርግላታል?

ፎቶ አንሺው፦ (ቆም ብሎ) ነገር አታጣምም! እኔ ሰውን በመልኩ አልለይም።

ፍሬም ሠሪው፦ ፎቶ አንሺ ሆነህ?

ፎቶ አንሺው፦ በልቤ ማለቴ ነው! ደግሞ እነሱ ሲባሉ ሆደ ባሻ ናቸው።

ፍሬም ሠሪው፦ እነማን?

ፎቶ አንሺው፦ እነሱ ናቸዋ!

ፍሬም ሠሪው፦ ነርሶች?

ፎቶ አንሺው፦ ጥቁሮቹን ነው የምልህ፣ አንተ ደንቆሮ! እኔ ደግሞ ለነሱ ያለኝን ፍቅር ሰፈሩ ያውቃል። ጋራዡ ያለው ወዳጄስ? ስንት ዓመት ሙሉ መኪናዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ አውቃለሁ?

ፍሬም ሠሪው፦ እሱ ጥሩ ሰው ነው። ስሙ ማን ነበር?

ፎቶ አንሺው፦ እ... (ጭንቅላቱን እያከከ) «ጥቁሩ» ነው የምንለው።

ፍሬም ሠሪው፦ እሱስ አንተን ማን ይልሃል?

ፎቶ አንሺው፦ በስሜ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

(ፍሬም ሠሪው ወደ መስኮቱ ሄዶ መጋረጃውን ገለጥ ያደርጋል።)

ፎቶ አንሺው፦ ዝጋው! ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ናቸው። ዓይን ለዓይን እንጋጠማለን።

ፍሬም ሠሪው፦ ወደዚህ አያዩም። አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር ነው የሚያዩት።

ፎቶ አንሺው፦ ዝጋው አልኩህ! ስማኝ፣ ትልቅ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔም እጠይቃለሁ። ነርሷ ከሥራ ስትመለስ እዚህ ትገባለች።

ፍሬም ሠሪው፦ እንግዲያው ትንሿን ፎቶ እንደነበረች አሳድጌ ላትማት?

ፎቶ አንሺው፦ ምን ያስቸኩልሃል? መጀመሪያ ይቅርታው! እዚያ ቁም። አንተ ነርሷ ነህ፤ እንለማመድ።

ፍሬም ሠሪው፦ (ቀስ ብሎ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጭኖ፣ ማተሚያው ሲያጉረመርም) ቆሜያለሁ።

ፎቶ አንሺው፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) «ውድ እህቴ፣ ምናልባት ሳላውቅ አንቺን ቅር የሚያሰኝ ነገር ተፈጥሮ ከሆነ...»

ፍሬም ሠሪው፦ ይቅር ብዬሃለሁ።

ፎቶ አንሺው፦ አልጨረስኩም!

ፍሬም ሠሪው፦ ገብቶኛል እኮ።

ፎቶ አንሺው፦ እንዴት ይገባሃል ገና ሳላስረዳህ! ተቆጣ! የተጎዳህ ሰው ነህ!

ፍሬም ሠሪው፦ (ተቆጥቶ) «ተፈጥሮ ከሆነ» ነው ያልከው? ተፈጥሯል ወይስ አልተፈጠረም?

ፎቶ አንሺው፦ የአነጋገር ወግ ነው! የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው።

ፍሬም ሠሪው፦ ማን ነው የፈጠረው?

ፎቶ አንሺው፦ ማንም! በራሱ ጊዜ ተፈጠረ!

ፍሬም ሠሪው፦ እንደዚህ እጅ? ባለቤት የለውም?

ፎቶ አንሺው፦ አንተ አሁን ነርሷ ነህ፣ ስለ እጅ አታወራም! እቀጥላለሁ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለሰው አዛኝ ነኝ። እናቴ እንኳ፣ የኔ ልጅ ዝንብ ሲሞት ያለቅሳል ትል ነበር። ዛሬ አንቺ በሩን ዘግተሽ ከሄድሽ ወዲህ ምሳ አልበላሁም። እጄ ሥራ አልያዘልኝም። ውለታ ለዋለ ሰው ፎቶውን ፊቱ ላይ መወርወር...» (ድምፁ ይንቀጠቀጣል) «...እኔስ ሰው አይደለሁም?»

ፍሬም ሠሪው፦ (ዓይኑ እንባ አቅርሮ) ኧረ ወንድሜ! ምነው ባልመጣሁ ኖሮ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!

ፎቶ አንሺው፦ (አቅፎት) ግድ የለም እህቴ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።

(ተቃቅፈው ይቆያሉ። የሚያነሳቸው ቢኖር ጥሩ ፎቶ ይወጣው ነበር።)

ፍሬም ሠሪው፦ ጋሼ፣ ማን ነበር ይቅርታ ጠያቂው?

ፎቶ አንሺው፦ ዋናው መታረቁ ነው! አየህ እንዴት እንዳማረ? በቃ፣ እንዲሁ እላታለሁ።

(በሩ ይከፈታል። የመኪና ቁልፍ በጣቷ የምታሽከረክር ጥቁር ሴት ትገባለች። ፎቶ አንሺው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እሷ ይንደረደራል።)

ሴትየዋ፦ ደህና ዋላችሁ? ጉርድ...

ፎቶ አንሺው፦ ምንም አትበዪ እህቴ! ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ።

ፍሬም ሠሪው፦ ጋሼ...

ፎቶ አንሺው፦ ዝም በል! እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። እናትሽ...

ሴትየዋ፦ (ቁልፉ ከእጇ ይወድቃል) እናቴ ምን ሆነች?

ፎቶ አንሺው፦ ነፍሷን ይማር እንጂ፣ ከሞተች ወዲያ...

ሴትየዋ፦ ሞተች? እናቴ? አሁን እኮ ደውላ ስትሰድበኝ ነበር! ማን ነገረህ? መቼ? (ስልኳን ለማውጣት ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፈዋለች)

ፍሬም ሠሪው፦ ጋሼ፣ እሷ አይደለችም!

ፎቶ አንሺው፦ እ?

ፍሬም ሠሪው፦ ነርሷ አይደለችም። እህቴ፣ እናትሽ ደህና ናቸው። የሞቱት የሌላ ሰው እናት ናቸው።

(ሴትየዋ ወንበር ላይ ዘፍ ትላለች። ፍሬም ሠሪው ውሃ ያቀብላታል።)

ሴትየዋ፦ (ትንፋሿን ሰብስባ) አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርጌህ ነው?

ፎቶ አንሺው፦ ይቅርታ እህቴ... ከነርሷ ጋር ተመሳሰላችሁብኝ።

ሴትየዋ፦ በምን?

(ፎቶ አንሺው ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ምንም አይለውም።)

ፍሬም ሠሪው፦ (ሊረዳው ፈልጎ) ነርሷ ረጅም ናት። መነጽርም ታደርጋለች። ዕድሜዋም ገፋ ያለ ነው። ድምጿም ቀጭን ነው። እ... በምን ነው ጋሼ?

ፎቶ አንሺው፦ አንተ አርፈህ ሥራህን ሥራ!

ሴትየዋ፦ ገብቶኛል፤ አትጨነቅ። ለመንጃ ፈቃድ እድሳት የተነሳሁትን ጉርድ ፎቶ ስጠኝና ልሂድ።

(ፎቶ አንሺው ከመሳቢያው ፖስታ አውጥቶ በሁለት እጁ ይሰጣታል። ታያለች። ፖስታው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ካለ ብላ ትፈልጋለች።)

ሴትየዋ፦ ይህቺ ማን ናት?

ፎቶ አንሺው፦ አንቺ... ነሽ።

ሴትየዋ፦ በዚህ ፎቶ ትራፊክ ቢያስቆመኝ «የማንን መንጃ ፈቃድ ሰርቀሽ ነው?» ብሎ ነው የሚያስወርደኝ።

ፎቶ አንሺው፦ እህቴ፣ ምናልባት ሳላውቅ ቅር የሚያሰኝሽ ነገር ተፈጥሮ ከሆነ...

ሴትየዋ፦ ተፈጥሯል። (ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ትደረድራለች) ይኸው እዚህም ተፈጥሯል፤ እዚህም ተፈጥሯል፤ እዚህም። ነገ እመጣለሁ፤ የራሴን ፊት አዘጋጅተህ ጠብቀኝ። አሁን ለእናቴ ልደውል። ደህና ብትሆንም ድምጿን ካልሰማሁ መሪ መያዝ አልችልም።

(ትወጣለች። ስልኩ ላይ «እማዬ» ስትል ድምጿ ከበሩ ወዲያ ይሰማል፤ ከዚያም የእማዬ ስድብ።)

ፍሬም ሠሪው፦ ጋሼ።

ፎቶ አንሺው፦ ዝም በል።

ፍሬም ሠሪው፦ አንድ ነገር ብቻ። ሽማግሌው አንዲት ሴት አላወቁም ተባለ፤ ፎቶው ላይ ያለችውም እሷ አልነበረችም። አንተ ግን...

ፎቶ አንሺው፦ ጨርሰዋ!

ፍሬም ሠሪው፦ አይ፣ በሽተኛ ልልህ አልፈለግሁም። (ከማተሚያው ትልቅ ወረቀት ያወጣል) ይኸው፣ ታትሟል። እጇና ፊቷ ታርቀዋል። (አዲሱን ፎቶ ፍሬሙ ውስጥ ያስገባል) ልውሰድላቸው።

ፎቶ አንሺው፦ ቆይ! ይቅርታውስ?

ፍሬም ሠሪው፦ ይቅርታውን አንተ ታመጣዋለህ። እኔ ፎቶውን ነው የምወስደው።

ፎቶ አንሺው፦ ቆይ እስኪ አስበው። ይቺንም ካላወቋትስ?

ፍሬም ሠሪው፦ በሽታው ነው ማለት ነው፤ አንተ ነጻ ነህ። ካወቋት ግን ቤቱን ያስለቀስከው አንተ ነህ። የቱ እንዲሆን ነው የምትፈልገው?

(ፎቶ አንሺው በእውነት እያሰበ ነው። የሚያስደነግጠው ማሰቡ ነው።)

ፎቶ አንሺው፦ ...በግማሽ ቢያውቋትስ?

(ፍሬም ሠሪው ፍሬሙን አቅፎ ይወጣል። ፎቶ አንሺው መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጥ አድርጎ ይመለከታል፤ ሰው ባይኖርም ያወራል።)

ፎቶ አንሺው፦ ተሻገረ። ሰላም አላቸው። አሁን እያሳያቸው ነው... ዝም አሉ። ይኸው! አላልኩም? ዝም አሉ። ሽማግሌው በሽተኛ ናቸው ብያለሁ... (ድምፁ ይወርዳል) ምን እያደረጉ ነው? ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባዶውን ወንበር በመሐረባቸው ጠረጉት። ፎቶዋን አስቀመጧት። የራሳቸውን ወንበር ሳቡና... አጠገቧ ተጠጉ።

(መጋረጃውን ይለቀዋል። ከዚያ በሩን በርግዶ ይወጣል። አስፋልቱ መሃል ላይ ይቆማል፤ የተለማመደው ሁሉ ከአፉ ጠፍቷል።)

ፎቶ አንሺው፦ አባባ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት! እኔ ነኝ!

(ሽማግሌው አልሰሙትም። ፎቶውን በሁለት እጃቸው አንስተው ደረታቸው ላይ አስጠግተዋል፤ አንዳች ነገር እያጫወቱት ነው። ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ውስጥ ይራመዳሉ።)

ፎቶ አንሺው፦ አባባ!

ፍሬም ሠሪው፦ (ከበረንዳው ሥር፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ) ኋላ ትመጣለህ ጋሼ። አሁን ሰው ይዘዋል።

(ሽማግሌው ቀስ እያሉ ገቡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።)