የፌርፋክስ ብሎገሮችና የእግረኛ መብራቱ

ሽሮ ካላማሰሉት ያርራል፤ የፖለቲካ ብሎግ ደግሞ ሲያማስሉት ያርራል። ልዩነታቸው ይኸው ነው። ሁለቱንም ማንም ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መሥራት ይችላል፤ ሁለቱንም የሠራ ሁሉ «የኔን የሚያህል የለም» ይላል።

ድሮ ሰው በመንግሥት ሲናደድ ለሚስቱ ነበር የሚነግራት። እሷም «ዝም በል፣ ግድግዳም ጆሮ አለው» ትለው ነበር። የዛሬው ግድግዳ ግን ከጆሮው ሌላ ጣትም አብቅሎ ላይክ ያደርጋል። ዜናም ቢሆን ድሮ እንደ ዝናብ ከላይ ነበር የሚወርድልን፤ ዛሬ እንደ ጉንዳን ከታች ይወጣል። የትኛው እንደሚናከስ የምታውቁት ሱሪያችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ይህ ለዴሞክራሲ ይበጃል፣ አይበጅም እያሉ የሚከራከሩ ምሁራን አሉ። እኔ ምሁር አይደለሁም። ፌርፋክስ በሚባለው፣ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በሞላበት የባሕር ማዶ መንገድ ላይ የስጦታ ዕቃ እሸጣለሁ፤ የሱቄ መስኮት ከእግረኛ ማቋረጫው ፊት ለፊት ነው። ያየሁትን ላውጋችሁ።

ሁለት ብሎገሮች አሉን። በላቸው ግሌንዴል ከተማ ይኖራል፣ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ ክራባቱን እሑድም አይፈታም። ዳዊት በርባንክ ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መሪው ላይ ተደግፎ ይጽፋል። በላቸው የአገር ቤቱን መንግሥት ይደግፍ ነበር፣ ዳዊት ይቃወም ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እነሱም ወገን ተለዋወጡ፤ ጠቡ ግን ሳይለወጥ ቀጠለ። በላቸው ከሚበላበት ምግብ ቤት ዳዊት ውኃ አይጠጣም። አንባቢዎቻቸውም እንደዚያው መንገዱን ለሁለት ተካፈሉት፤ ልጁን የሚድር ሰው ጠረጴዛ ሲደለድል እንደ ድንበር አካላይ ላብ ያሰምጠው ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው የተረቱት አባቶቻችን ድረ ገጽ አላዩም። የኛ ድር እኛኑ ነበር ያሰረው።

ሁለቱንም ወገን የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እትዬ ጽጌ። ሚድ ሲቲ ሰፈር፣ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለብዙ ዘመን የሰው አዛውንት ሲጦሩ ኖረው ጡረታ ወጡና አዛውንትነቱ ለራሳቸው ደረሳቸው። ፒኮ ጎዳና ላይ ከአውቶቡስ ወርደው፣ ፌርፋክስን አቋርጠው፣ ወደኛ ሳይመጡ የሚውሉበት ቀን የለም። ከሁለቱም ብሎጎች ሥር ደግሞ አስተያየት ሳይጽፉ አይቀሩም። ለበላቸው፣ «ልጄ፣ ጽሑፍህ ግሩም ነው። መንግሥት ከመውደቁ በፊት ግን እኔ ልወድቅ ነው። የፌርፋክስ መብራት ለአሮጊት እግር አይበቃም። እሱን ጻፍልኝ።» ለዳዊት ደግሞ፣ «መንግሥትህን እግዜር ያቁምልህ። እኔን ግን መብራቱ ሊጥለኝ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። የመብራቱ ነጭ ሰውዬ በርቶ መንገድ ሲጀምሩ ገና መሐል ሳይደርሱ ቀዩ እጅ ብልጭ ድርግም ይላል፤ መኪናው ሁሉ ማጓራት ይጀምራል።

አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ዳዊትን አገኙትና ፊት ለፊት ጠየቁት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የምጽፈው ስለ አገር ነው» አላቸው በትሕትና።

«እኔ የማቋርጠውስ የማን አገር ነው?»

ዳዊት ስልኩን ማየት ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ እትዬ ጽጌ መሐል መንገድ ሳሉ መብራቱ ተለወጠ። አንድ መኪና ታጠፈ። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ጮኸ፣ አልነካቸውም፤ እሳቸው ግን ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሉ በእጃቸው ላይ ወደቁ። በሩን ከፍቼ ስወጣ በላቸው ከወዲህ ምግብ ቤት፣ ዳዊት ከወዲያኛው፣ ሁለቱም እጃቸውን ሳይታጠቡ እየሮጡ ደረሱ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ደግፈው አነሷቸው። በሕይወታቸው አንድ ነገር አብረው ሲያነሱ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አላልኳችሁም?» አሉ እትዬ ጽጌ፣ የተሰበረ የእጃቸውን አንጓ በሌላው እጃቸው ይዘው።

በማግሥቱ ሁለቱም ጻፉ። ዳዊት በከተማው ባለሥልጣናት ላይ ወረደባቸው፤ በላቸው «የተከበሩ» እያለ ለመናቸው። መብራቱ አጭር መሆኑን ግን ሁለቱም አልካዱም። አንባቢው ግራ ገባው። የሁሉንም ሰው እናት ሲሰድብ የኖረ፣ ስሙን የደበቀ አንድ ሰው እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ዛሬ ስድብ የለኝም። የኔም እናት እዚያው ጋ ነው የምታቋርጠው።»

ጽሑፎቹን አንዱ አንባቢ ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸው ኖሮ የከተማው ጋዜጣ ሪፖርተር ላከ። ሪፖርተሯ ዳዊትን «አጭር መሆኑን በምን አወቅህ? ለክተኸዋል?» ስትለው «ይለካል እንዴ?» ብሎ መልሶ ጠየቃት። ስንት ሚኒስትር ከሥልጣን ሲያወርድ ማንም ጠይቆት አያውቅማ! እንግዲያው እንለካው ተባለ። በላቸው በክራባቱ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ እንደ እትዬ ጽጌ እያዘገመ ሲያቋርጥ ዳዊት ሰዓት ይዞ ከዳር ይጮሃል፦ «ፈጠንክ! እትዬ እንደዚህ አይሮጡም! ድገም!» የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። ደጋፊና ተቃዋሚ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ነበር የሚስቀው። ጋዜጣው ሲወጣ ግን «ወይዘሮ እትዬ» የሚባሉ ሴት ወደቁ ይላል፤ የአክብሮት መጠሪያውን ስም አድርጎት። ብሎገሮቹ ተሯሩጠው አረሙት፣ ጋዜጣውም ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ። ጋዜጣው ለብሎገሮቹ መለካትን አስተማረ፤ እነሱም ለጋዜጣው እትዬን።

ከዚያ የከተማው ተመራጮች ሕዝቡን የሚሰሙበት ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ በኛ ሰው ሞላ። ጠረጴዛ ስላልነበረ ማንም እንደ ወገኑ መቀመጥ አልቻለም። እትዬ ጽጌ እጃቸው በጄሶ እንደታሰረ ማይኩ ጋ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ፤ በአንድ ጎን ዳዊት፣ በሌላው በላቸው አስተርጓሚ ሆኑ።

«ይሄ መብራት እንደ ፖለቲከኛ ቃል ነው» አሉ። «ና ና ይልሃል፤ መሐል ላይ ጥሎህ ይሄዳል።»

በላቸው ወደ ዳዊት ጆሮ ጠጋ ብሎ «ፖለቲከኛ የምትለዋን አለሳልሳት» አለው። ዳዊት አላለሳለሳትም። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ነበሩ።

መብራቱ ተራዘመ። እትዬ ጽጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩሉ ሲያቋርጡ መንገዱ በእልልታ ተናወጠ፤ ምንም የማያውቁ ሹፌሮች እንኳ ሙሽራ መስሏቸው ክላክስ አደረጉ። ሁለቱም ብሎጎች ድሉ የራሳቸው መሆኑን አበሰሩ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የሰፈር ምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ ባለሱቆቹ እትዬ ጽጌን ለመኑና ተወዳደሩ። ሁለቱም ብሎጎች ደገፏቸው፤ አሸነፉም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ፒኮ ላይ ላለው አውቶቡስ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር አስመጣለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ ወንበሩ አልመጣም። አንድ ጠዋት ብሎጎቹን ብከፍት ሁለቱም በእትዬ ጽጌ ላይ ወርደውባቸዋል! ዳዊት «ሥልጣን ሲይዙ መርሳት» ብሏል፣ በላቸው «በታላቅ አክብሮት እንወቅሳለን» ብሏል። አዘንኩላቸው። ላጽናናቸው ብዬ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።

እትዬ ጽጌ እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ አገኘኋቸው።

«አየህ? አሁን ገና ሹም ሆንኩ!»

ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ፣ ከሁለቱም ጽሑፎች ሥር ይህን ጻፉ፦ «ልክ ናችሁ። ረስቼው ነበር። ማክሰኞ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። መጥታችሁ ተቆጡኝ።»

ጉድ ፈላ። ብሎግ ካነበብኩበት ዘመን ጀምሮ «ረስቼው ነበር» የሚል ባለሥልጣን አይቼ አላውቅም። ብሎገሮቹም አላዩም መሰለኝ፣ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይጽፉ ዋሉ። ወደ ማታ ዳዊት ሱቄ መጥቶ ተቀመጠና፣ «እንዲህ ጥፋታቸውን ካመኑ እኛ ምን ብለን እንጽፋለን?» አለኝ፣ ዳኛ የከዳው ጠበቃ መስሎ።

ማክሰኞ ሁለቱም በአንድ መኪና ሄዱ። ፓርኪንግ አይገኝም ብለው ነው እንጂ ታርቀው አይደለም።